የመጨረሻው ባቡር

አባቴ ቶኩጂ የባቡር ካርታ ነዳፊ ነበረ፤
ኦሳካን የምታህል ከተማ በስምንት ቀለም ክር ቋጠረ።
የጠመመውን ሐዲድ በማስመሪያ ያቀናል፣
የራቀውን ጣቢያ በአውራ ጣቱ ለክቶ ያቀርበዋል።
«እውነቱን ሁሉ ከያዘ» ይላል፣ «ካርታን ማን ያነበዋል?
ትንሽ ካልዋሸ መንገደኛው ይጠፋል።»

ዛሬ ያ አውራ ጣት የሸሚዝ ቁልፍ አይዘጋ፤
እንደ ዝንጅብል ሥር አብጦ፣ ግሎ ያገኘዋል ሲነጋ።
«መገጣጠሚያው ተቆጥቷል» አለ ሐኪሙ።
«በማን?» አለ አባቴ።
ሐኪሙ ሳቀ።
አባቴ አልሳቀም። መልስ ጠበቀ።

እኔም ካርታ እነድፋለሁ፤ ከተማዬ ግን
ከጠብታ ደም አትበልጥም፣
መንገደኛዬ እግር የለው፣ ቲኬት አይቆርጥም።
ሳይቶካይን ነው፤ የሴል ለሴል ሹክሹክታ፣
አንዱ ጋ የተነገረ፣ የሌላውን በር የሚመታ።
ተቀባዩ እጁን ሲጨብጠው ከውስጥ የተኛው ይነቃል፣
ጃክ ስታትን ይነካል፣
ስታት ከመሰሉ ይጣመራል፣
ጥንዱ እስከ አስኳሉ ይዘልቃል፣
ከተጠቀለለው መጽሐፍ አንዲት መስመር ያነባል።
የተነበበው አዋጅ ነው፦
ጉበት እቶኗን ታነዳለች፣
የደም ሥር በሯን ትበረግዳለች፣
ነጩ ሠራዊት ይተማል።
ሌባ ከገባ መልካም፤ ኡኡ ሲባል ጎረቤት ዱላ ይዞ ይወጣል።
ሌባ ሳይገባ ግን?
ኡኡታው ራሱ ኡኡታን ሲጠራው፣
ጎረቤት ጎረቤቱን በጨለማ ሲመታው?

አንድ የየካቲት ሌሊት
ከማሞቂያው ጠረጴዛ ሥር እግራችንን ከተን፣
የአራት ዓመት ድካሜን ዘረጋሁለት፦
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቀስት፣
ወረቀቱ እንዳይጠቀለል በየጥጉ መንደሪን ተጭኖበት።
መነጽሩን አወለቀ። ጎነበሰ። አፍንጫው ቀለሙን ሊነካ ደረሰ።
«ይቺ ቀይዋ ከየት ትነሣለች?»
«ከጣትህ።»
«ወዴት ትሄዳለች?»
«ወደ ጣትህ።»
«እሺ ሚዙኤ፤ የመጨረሻው ባቡር በስንት ሰዓት ነው?»

አልገባኝም። ዝም አልኩ።
«የማይዘጋ መስመር አይቼ አላውቅም» አለ፣
«እኩለ ሌሊት ሲያልፍ መብራቱ ይጠፋል፤
ፋኖስና መዶሻ የያዙ ሰዎች ወርደው
ሐዲዱን እያንኳኩ ያዳምጡታል።
ያላረፈ ብረት ይሰነጠቃል።
የአንቺ ካርታ መሄድ ብቻ ነው የሚያውቀው፣
መቆም የት አለ?»

መቆሙን አላጣሁትም፤ ማንም ተማሪ ያውቀዋል፦
ስታት ከሚያነባቸው መስመሮች አንዷ ፍሬን ትሠራለች፣
ፍሬኗ ተመልሳ ጃክን «በቃህ» ትላለች።
እሳቱ ውኃውን ራሱ ይወልዳል።
እኔ ነኝ የሰረዝኳት፤ ቀስቶቹን ታቋርጣለች፣ ሥዕሉን ታበላሻለች ብዬ፣
ለውበት። ትንሽ መዋሸትን ከማን ተማርኩ? ከአባዬ።

ብዕሩን ጠየቀኝ።
በሁለት እጁ ያዘው፣ ሕፃን ማንኪያ እንደሚይዝ፤
ማስመሪያ አላነሣም።
ከአስኳሉ ተነሥቶ፣ ስድስት ቀስት አቋርጦ፣
ተንቀጥቅጦ፣ መሃል ላይ ቆሞ ተንፍሶ፣
እስከ በሩ ደረሰ።
ያንን እጅ ጠማማ መስመር ሲያሰምር
በዕድሜዬ ያየሁት ያን ሌሊት ነበር።

በማግሥቱ ኮምፒውተሩ «ላቅናው?» አለኝ።
እምቢ አልኩት።
የሥራ ባልደረባዬ ናጋቶሞ «ይሄ ምንድን ነው፣ የትል መንገድ?» ብሎ ቀለደ።
«ፍሬን ነው» አልኩት፣ ሌላ አልጨመርኩም።

ካርታ አያድንም። ይህን አውቃለሁ።
ሐሙስ ሐሙስ መርፌውን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ
ለብ እስኪል በመዳፌ አቆየዋለሁ፤
መድኃኒቱ አንድ በር ላይ ብቻ ይቆማል፣
የከተማውን ሁሉ ጩኸት ዝም አያሰኝም።
አንዳንድ ሳምንት ይበርድለታል።
አንዳንድ ሳምንት ጣቱ በማን እንደተቆጣ ሳይነግረን
እንደተቆጣ ያድራል።

አሁን አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ገና አልነጋም።
የመጀመሪያው ባቡር ከሥራችን ሲያልፍ
መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተነካኩ።
አባቴ መስኮቱ አጠገብ ሸሚዙን ይዞ ተቀምጧል።
ልርዳህ አላልኩትም።
ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ነው።