ማንም ዞር ብሎ አላየም

አሥራ አንድ ዓመት ቆመች ፒካፗ፣ ከበግ መሸለቻው ቤት ጀርባ፣
ነፋስ ባንድ ጎኗ ቀለሟን ልጦ እስኪጨርስ፣ በሌላው አይጥ እስኪገባ።
ፓታጎንያ ነው አገሩ፤ ነፋስ እንደ ባላባት ርስት የያዘበት፣
ዛፍ ሁሉ ወደ ምሥራቅ እጅ እየነሣ የሚያረጅበት።

"ነገ አያታለሁ" ብሎ ነበር አጎቴ ኤውሴቢዮ ያቆማት፤
ያ ነገ እየተጎተተ መጥቶ ኩላሊቱን ደክማ አገኛት።
ደም አጣቢዋ ማሽን ያለችው ከተማ ነው፤
መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ጠጠር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤
አውቶቡስ በሳምንት አንዴ ያልፋል፣ ያውም ሾፌሩን ካላመመው።

አክስቴ ዴልፊና እጅጌዋን ሰበሰበች፤
"ባትሪ ያዢልኝ" አለች።
ሁለት ባትሪ ነበር፦ አንዱ በእጄ የሚበራ፣ አንዱ ከኮፈኑ ሥር የሞተ።
አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። እጄ ዝሎ ብርሃኑ ሲወርድ
አትቆጣም፤ በክርኗ ገፋ አድርጋ ትመልሰዋለች።

ካንዴላዎቹን ፈታች፦ አራት ጥቁር ጥርስ፤
በየጉድጓዱ ዘይት ጠብ አድርጋ ተወችው፣ ሌሊቱን እንዲርስ።
"እልኸኛ ብረት በጉልበት አይደለም፣ በልምምጥ ነው የሚፈታ"፤
በማግስቱ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር አዞረችው፣ ትንፋሿን ገትታ።
ከአየር ማጣሪያው የአይጥ ጎጆ ወጣ፦ ሱፍ፣ ላባ፣
የአጎቴ የጠፋ ሎተሪ ቁራጭ።
"ወጥቶልኝ ይሆን?" አለ ከወንበሩ።
"ቁጥሩን በልታዋለች።"
"እንግዲያው ሀብታም አይጥ ናት!"

በሦስተኛው ቀን አሳለች፣ ጢስ ተፋች፣ ተነሣች።
ጎረቤት ተጠራርቶ መጣ፤ ዶን አናክሌቶ ባርኔጣውን ወረወረ፣
ጠቦት ታረደ፣ ተዘፈነ፣ ተጨፈረ።
አክስቴ ብቻ እንደ ዋሸ ልጅ ዓይን ዓይኗን ታያታለች።
አመሻሽ ላይ ሳትነግረን ለሙከራ ወጣች፤
ስምንት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ድልድዩ መሐል፣ ጸጥ አለችባት።
በእግሯ ገባች፣ በነፋስ፣ በጨለማ፤
ጫማዋን በሩ ላይ እያራገፈች፣
"ዝገት" አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ከዚያ በኋላ ለነበረው ሥራ ጎረቤት አልመጣም።
ሰልባትዮውን አወረደች፤ ጠጠርና ሰንሰለት ጨምራ፣ ኮምጣጤ ሞልታ፣
ግራና ቀኝ ይዘን እንደ ወተት ናጥነው።
ቀይ ጭቃ ወጣ። ናጥን። ቡናማ ውሃ። ናጥን።
ክንዴ የኔ መሆኑ ቀረ።
ቱቦው ተለወጠ፤ አይጥ የበላው ሽቦ ተለወጠ፤
ፍሬኑ ሁለት ጊዜ ተፈታ፣ ሁለት ጊዜ ተገጠመ፤
እስከዚያው ወንድሟ በሰው መኪና፣ በልመና፣ እየከረመ።
የነዳጅ ማጣሪያውን ከካርቶኑ ስታወጣ እያያት፣
"የሷስ በአንድ በግ ቆዳ ተገዛ፤ የኔንም እዚያው ሱቅ ጠይቂልኝ" አላት።
እኔ ሳቅሁ። አክስቴ ብሎን አመለጣት፤
ተንበርክካ ስትፈልገው ቆየች፤ ብሎኑ እግሯ ሥር ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ትርፍ ቺንጊያ፣ ጀሪካን ውሃ፣ ሽቦ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ጫነች፤
ስትመለስ በሸለታው ቤት በር ላይ በኖራ አንድ ሰረዝ አሰመረች።
በዘጠነኛው ጉዞ አንድ ገመድ ላልቶ መንገድ ላይ ቆሙ፤
"ስድስት ደቂቃ" አለ አጎቴ ሲገባ፣ "ሰዓቴን ይዤ ነበር"፤
ከማጨብጨብ የሚበልጥ ነገር በድምፁ ነበር።

ሰኔ ገባ፤ በዚያ አገር የክረምቱ ወገብ።
ጎህ ሳይቀድ፣ መስተዋቱ በአመዳይ ተሸፍኖ፣
ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ ያዘ።
ውሻው ጆሮውን አላነሣም። የአናክሌቶ መስኮት እንደጨለመ ነው።
አጎቴ ጉንጩን በሩ ላይ አስደግፎ ተኝቷል፤
እኔም ድምፁን በሕልሜ መሐል ሰምቼ ወደ ግድግዳው ዞርሁ።

ከቀትር በኋላ በግ ላስገባ ስሄድ በሩን አየሁት፦
ኖራው አርባ አንድ ላይ ቆሟል።
አልተበላሸችም፣ አልቀሩም፤
አክስቴ መቁጠሩን ረስታዋለች።