ልክ

ሃያ ሁለት ዓመት በሂርማታ ገበያ፣
ከሀጂ ሙዘይን በረንዳ፣ ከጥጓ መስፊያ፣
ሜትሩን አንገቴ ላይ እንደ ሻሽ ጠምጥሜ፣
የሰው ልክ ስወስድ ገፋሁኝ ዕድሜ።
የማን ትከሻ ወደ ግራ እንዳዘነበለ፣
የማን ወገብ በሮመዳን እንደጎደለ፣
ከሚስቱ ቀድሜ እኔ ነበርኩ የማውቅ፤
ሱሪ መቼ ያውቃል ምስጢር መጠበቅ።

ከዚያ የአጋሮ መንገድ፣ የሐምሌ ጭቃ፣
ቡና የጫነ አይሱዙ፣ ሾፌሩ ያልነቃ።
ቀኝ እግሬ ከጉልበቱ በታች እዚያው ቀረ።
ጆንያው ተለቀመ፤ ቡናው ተቆጠረ።

ቤት ዋልኩ።
ሁለት ክረምት አዌቱ ሲሞላ ሲጎድል አየሁ።
የሱሪዬን ባዶ እግር ወደ ላይ አጥፌ፣
በድርብ ክር ዘጋሁት፣ በራሴ መርፌ።
ጎረቤት «ተማም፣ እንግዲህ ምን አሰብክ?» ሲለኝ፣
«ልኬን አውቄያለሁ» አልኩ፤ እውነት መሰለኝ።

ወይዘሮ ሻሺቱ መጣች ከተሃድሶው ቤት፣
ቅጽ፣ እስክሪብቶ፣ ዝናብ የመታው ጃኬት።
ምን እንዳጣሁ አልጠየቀችም።
«ስትሰፋ የምታደርገውን ሁሉ ንገረኝ» አለች፣
«አንድም ሳይቀር፣ በተራ።»
መለካት። በሳሙና ማስመር። መቅደድ። መዘምዘም።
ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ካውያ፤
ደንበኛ ሲቆጣ ዝም ማለት፤
ዱቤ የሚበላውን በዓይኑ መለየት፤
ለሙሽራ ሱሪ ሁለት ጣት መተው፣ ስለሚወፍር።
ገጹ ሞላ፤ ገለበጠችው።
ከዚያ ሁሉ ሥራ ቀኝ እግሬን የሚፈልግ
ፔዳሉ ብቻ ነበር።
አሰመረችበት።
«ይሄን ለግራው እንነግረዋለን።»

በአካል ድጋፍ ወርክሾፕ፣ ከጄሶ አቧራ መሃል፣
ነዚፍ የሚባል ልጅ ሜትር ይዞ ይጠጋኛል።
ስንቱን ያስቆምኩ ሰው ዛሬ ተራዬ ደርሶ፣
ቆምኩ እንደ ሙሽራ፣ ዓይኔ መሬት ምሶ።
«ላላ አድርገው» አልኩት፣ «ሜትሩን አትነቀው፤
ጨርቅም ሥጋም ቢሆን ትንፋሽ ነው የሚናፍቀው።»
ደግሞ ለካ። ግማሽ ሴንቲ ስቶ ነበር።
ቀና ብሎ አየኝና «ልክ ነህ፣ ጋሼ» አለ።
ልክ ነህ።
ከአይሱዙው ወዲህ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ግራ እግሬ ሦስት ወር ትምህርት ቤት ገባ፤
እንደ ውርንጭላ ግትር፣ ሲሉት የማይገባ።
ፔዳሉን ወደ ኋላ ይረግጣል፤ ክር ይበጥሳል፤
ሲደክመው ባለፈው ወንድሙ ያሳብባል።
ከጎኔ ሸምሲያ ነበረች፣ ጆሮዋ የማይሰማ።
መኪናዬ ሲታመም ከኔ ቀድማ ታውቃለች፤
መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትቆይና
በጣቷ ታሳየኛለች፦ ዘይት።

ሀጂ ሙዘይን አልረሱኝም፤ ቦታዬን ግን ለአብዱልፈታ ሰጥተውታል።
«እዚያ ጥግ ተቀመጥ» አሉኝ።
ተቀመጥኩ።
የመጀመሪያው ሰው ገባ፤ አየኝ፤ እግሬን አየ፤
ጨርቁን በጭንቅላቴ ላይ አሻግሮ ለአብዱልፈታ አቀበለ፦
«እሱን አይከብደውም?»
የተጠየቀው አብዱልፈታ ነው። አብዱልፈታም መርፌ ፈለገ፣ ያልጠፋ።
ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው። ቀትር ሆነ።

እጅ ሥራ ሲፈታ ራሱን ይበላል።
ከፌስታል ያችን ሱሪ አወጣሁ፣
በድርብ ክር የዘጋኋትን።
መፍታት ከመስፋት ይረዝማል፤ ክፉ ሰፊ አልነበርኩም።
ተረተርኩ፣ ዘረጋሁ፣ ካውያ አሳለፍኩባት።
ክርክሩ አልጠፋም፤ ጉልበቱ ላይ መስመር ቀርቷል፣
ልክ ውሃ የደረሰበት ግድግዳ ላይ እንደሚቀር።
ይቅር።
ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ ለበስኳት፤
ከነዚፍ እግር ጋር ርዝመቷ ገጠመ።
ለራሴ ሠርቼ ዱቤ ጻፍኩ፤ ሀጂ ሳቁ።

ወደ ማታ፣ ባጃጆቹ መብራት ሲያበሩ፣
አንድ የመኪና ረዳት እየሮጠ ገባ፤
ጃኬቱ ብብቱ ላይ ተተርትሯል።
ማንንም ሳይመርጥ እፊቴ ወረወረው፦
«ለነገ ይደርሳል?»
«ቁም እስቲ» አልኩት።
ሜትሩን ከአንገቴ ሳወርድ
ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው፣ ጆንያ የለመደ።
ሳሙናዬን አነሳሁ፤
በስተግራ አንድ ጣት ጨመርኩ።