ከላይ የታየች ደሴ

ጋሽ ወሌ ሲያርፉ ቁልፉ ለእኔ ቀረ፣
የፎቶ ቤታቸው፣ ጉም ውስጥ የኖረ፣
ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
ግድግዳው እርጥብ ነው፣ በጋም እንኳን ሲሆን።
አንድ የብስኩት ጣሳ ከመደርደሪያው ሥር
በዝገት ተቆልፎ ስንት ዘመን ሲያድር፤
በቢላ ፈልቅቄ ክዳኑን ባነሣ
አሥራ አንድ መስታወት፣ የብርሃን ሬሳ።

ልጅ ሳሉ ለጣልያን ፎቶ አጣቢ ውሃ ይቀዱ ነበር፤
ሲሸሽ የጣለው ነው፣ ጣሳው፣ ያነሡት ከበር።

በጥጥ ዳበስኩት፣ በተጣራ ውሃ፣ ቀስ፣
እንደ ሕፃን ዓይን፣ ጠርዙ እንዳይፈርስ።
ሻጋታው ሲለቅ ምስሉም አብሮ ይለቃል፤
የቱን ትቼ የቱን እንደማድን ማን ያውቃል?
በአራተኛው ላይ ከተማ ከጉም ወጣ፣
ጥቁሩ ነጭ ሆኖ፣ ነጩ ጥላ ሆኖ መጣ።
ጦሳን አወቅኩት፣ በትከሻው፤
አይጠየፍን፣ በጣሪያው፤
መሐል ላይ ጢስ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ፣
በዚህ መስታወት ላይ ነጩ ሁሉ የከሰለ ነበረ።
ከጥጉ ደግሞ የክንፍ ጫፍ አለ፣
ብሎኑ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ የጠራ፣ የተሳለ።

ያኔ ገባኝ። እጄ ላይ ያለው ዓይን
የጣዩ ነው፣ ቦምቡን።
ሳባብለው የዋልኩት፣ በጥጥ ይዤው ያደርኩት
የገዳይ ዕይታ ነው፤ እኔ ነኝ ያዳንኩት።

ከዚያ ጢስ ሥር የአባቴ አክስት ነበረች፣ ጦይባ፣
ሽንብራ ልትሸምት፣ ሰኞ ገበያ ልትገባ።
ከዚህ ከፍታ ሰው አይታይም፤
ጣሪያ ነጥብ ነው፤ እሳት አይሞቅም።
ልሰብረው አነሣሁ። አልሰበርኩትም።
ጦይባ ሌላ ፎቶ የላትም።

አንድ ገዢ ደወለ፤ ለክንፉ ነው፣ ለከተማው አይደለም፤
«ይህ ዓይነት ቦምብ ጣይ» አለኝ «አንድ እንኳ ሙሉ የተረፈ በዓለም
የለም።» ዋጋ ጠራ። ሲጠራ ድምፁ ይሳሳል፣
ስለ አንድ የሞተ ዘመድ የሚያወራ ይመስላል።

ቀሪውን ፍለጋ ወረድኩ ኮምቦልቻ፣
ሐረጎን ቁልቁል፣ በሚኒባስ፣ ብቻ።
«ሳይነሣ የቀረ አንድ አለ» ብለውኝ ነበር፣
ከማረፊያው ሜዳ ማዶ፣ ከቦርከና ዳር።
አውሮፕላን የለም። ከዛፍ ጥላ ሥር አቶ አረቡ፦
«እሱን እኮ ጎረቤት ተካፈለው፣ እንደ ቅርጫ፣ በደንቡ።»

ክንፉ የበግ በረት መዝጊያ ሆኗል፤ በጉ ጎኑን ያክበታል፤
ንፋስ ሲመታው ያጉረመርማል። «ዛሬም መብረር ያምረዋል» ይባላል።
ከሆዱ አንጥረኛው ጭልፋ አወጣ፣ ስምንት፤
ሰባቱ ጠፉ፤ አንዷ አለች፣ ከወይዘሮ ዘምዘም ቤት።
ከጅራቱ የተረፈው፣ ቁጥሩ ያልተፋቀ፣ ሦስት፣ ሰባት፣ ቀሪው የማይነበብ፣
በርበሬ ይሰጣበታል፣ ዶሮ ዙሪያውን ሲያንዣብብ።

«ለሙዚየም ልውሰደው» ልል አፌን ከፈትኩ።
ወይዘሮ ዘምዘም ጭልፋዋን ሳይለቁ «በምን ልቅዳ ታዲያ?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ካሜራዬን አወጣሁ፤ በሩን ከነበጉ፣
ጭልፋዋን ከነወጧ፣ በርበሬውን ከነጥጉ።
ከላይ አይደለም፤ ተንበርክኬ፣ በበግ ቁመት ልክ፤
አቶ አረቡ በፎጣቸው ከለሉልኝ፣ ፀሐዩ እንዳያውክ።

ማታ ሐረጎን ወጣሁ። ጉሙ ደርሶ ጠበቀኝ።
መስታወቱን በንጹሕ ወረቀት ጠቀለልኩት። እጄን ቀዘቀዘኝ።
በእርሳስ ጻፍኩ፣ ቀለም ይበላዋልና፣ ከፖስታው ጀርባ፦
«ደሴ፣ ከአየር። አንሺው አይታወቅም። በስተግራ፣ ከጢሱ ሥር፣ ጦይባ
ይመር።
አትታይም።»