የታጠበ ጭቃ

አባቴ ሃይረቲን ምንጣፍ አጣቢ ነው፤
ኤስኪሼሂር ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ያለው
የቆርቆሮ መጋዘን፣ ዐርባ ዓመት ጎንበስ ብሎ
ልጅ ያሳደገበት፣ የሰው እድፍ ነቅሎ።

በበረዶው ወራት ጣቱ ይሰነጠቃል፤
በሙቀቱ ወራት ጀርባው ጨው ያበቅላል።
እድፍ ሲለቅ ማየት፣
ማን ቁም ነገር ይለዋል?

አንድ ቀን ስልኬን
ከመጥረጊያ እንጨት ጋር በፕላስተር አሰርኩ፤
ፊቱን ትቼ፣ እጁንና ውኃውን አስቀረሁ።
ጥቁሩ ሲወርድ፣ ከጥቁሩ ሥር ቀዩ ሲፈካ፣
ዓለም እንቅልፍ አጥቶ
ይህን ነው የሚጠብቅ ለካ!

ከኦሳካ ባለታክሲ፣ ከሳንቲያጎ ተረኛ ነርስ፣
ከዋርሶ ፈተና ወድቃ ራሷን የምትከስ፣
ሌሊት ሌሊት አባቴ ዘንድ ይመጣሉ፤
ሳይናገር ያጥባል፣ ሳይናገሩ ያያሉ፣
ብሩሹ አሥር ጊዜ ሲመላለስ ያሸልባሉ።

ሚሊዮን ዓይን ያያት ያቺ አውራ ጣት፣
ጥፍሯ የተላጠ፣ ኮምጣጤ ያነጣት፣
ዳቦ ቤት ተሰልፋ መልሷን ትጠብቃለች
እንደ ማንም ጣት።

ገንዘቡ መጣ። ጣሪያው ታደሰ፤
የእናቴ ጥርስ ተሠራ፣ የቆየ ብድር ተመለሰ።
ከዚያ ግን እድፍ አለቀብን።
ሰዉ ቤቱን ይጠርጋል! በወር ሁለት ምንጣፍ፣
እሱም አቧራ ብቻ፣ አንድ ባልዲ የማያልፍ።
ዓይን ደግሞ አይሞላም፤
ትናንት ጥቀርሻ ያጠገበው ዛሬ ሬንጅ ይላል፣
ነገ የባሰ ይላል።
ስም እንጂ መልክ የሌለው፣ አልጎሪዝም የሚሉት ጌታ
ቁጥሬን ጠዋት ሲቀንስ፣ እንቅልፌን ይወስዳል ማታ።

እና እኔ ኑርጂሃን፣ የአጣቢ ልጅ፣
አዲስ ምንጣፍ ገዛሁ፣ ውድ ባይሆን እንጂ፤
ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት እንደ ሬሳ፣
የሞተር ዘይት፣ የዶሮ ኩስ፣ የበሰበሰ ዓሣ
አልብሼ። በሁለት ሳምንቱ አወጣሁት በምሽት።
«ከጎርፍ የተረፈ» አልኩት።
ውሸት።

አባቴ ተንበረከከ። አሸተተ። በጣቱ ዳበሰ።
ዐርባ ዓመት እድፍ ያነበበ ሰው!
«ይሄን እግር አልረገጠውም» አለ።
«የተደፋ ሻይ የለበት፣
የሕፃን ትውከት የለበት፤
ማን ነው ታዲያ የኖረበት?»
ቀና አላልኩም። የስልኩ ቀይ ነጥብ በርቶ ነበረ።
ጥቂት ቆየና
ብሩሹን ነከረ።

አሥራ አንድ ሚሊዮን ሰው አየው።
ዛሬ ጓሯችን ሦስት ጉድጓድ አለው፤
እሱም አይጠይቀኝ፣ እኔም አልነግረው።

ባለፈው ሰኞ ወይዘሮ ሙአዜዝ፣ ባሏ የሞተባት፣
መስገጃ ይዛ መጣች፣ ጠቅልላ በነጠላ ሻሽ፣ በሁለት እጇ ታቅፋት።
ሁለት ቦታ ሳስቷል፣ በሰውዬው ጉልበት ልክ።
«አቧራውን አራግፉ፤ እዚህና እዚህ ግን አትንኩ።»
አባቴ ወደ ስልኬ አየ። አጠፋሁት።
በሕፃን ፀጉር ብሩሽ ዙሪያ ዙሪያውን ሄደ፣
ጉልበቶቹ ጋ ሲደርስ እጁን እየሰበሰበ፣
እንደ ሰው ፊት አጠበ።
ገንዘብም አልተቀበላት።
ይህን ማንም አላየም፣ አልተቀረጸም፣ የትም የለም፤
ይኸው፣ እሱንም ለእናንተ አወጣሁት፤
ልማድ መቼም አይለቅም።

ትናንት ሌሊት ለውኃ ስነሣ፣ በመኝታ ቤቱ በር
ሰማያዊ ብርሃን አየሁ። አባቴ ነበር፤
ስልኩን ደረቱ ላይ አቁሞ
የገዛ እጁን ያያል፣ ያንን የጉድጓድ ምንጣፍ፣ ደግሞ ደጋግሞ።
ጥቁሩ ይወርዳል፤ ቀዩ ይፈካል፤ ውኃው ይጠራል፤
እኔ ያቆሸሽኩትን እሱ ያነጣል፤
እያወቀ።
እያወቀ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ እንደ ኦሳካው ባለታክሲ፣
ብሩሹ አሥር ሳይሞላ፣
በስምንተኛው ምልልስ አሸለበ።

ስልኩን ከደረቱ ቀስ ብዬ አነሣሁለት።
ተመልካቹ በአንድ ጨምሯል።