የውስጠኛው ጎማ

ደጀን ጥግ ላይ ነው፣ ከገደሉ አፋፍ፣
የኔ ቆርቆሮ ቤት፣ የቁልቁለቱ ደፍ።
ኮምፕሬሰሬ ሲያስል ዶሮ ሳይጮህ ገና፣
ያን ሰምቶ ይቆማል የጫነ መኪና።

አጥፋው ሞተሩን፣ አላምረው፣ ልስማው፤
ጎማ አፍ የለውም መዶሻ ካልነካው።
ድንን ሲል ደህና ነው። ድንን ሲል፣ እሱም ደህና።
ዱፍ ያለ እንደሆነ፣ ክሪኩን አውርድና ና።

ይሄን ከየት ገዛህ? ጥቁረቱ ሲያበራ፣
በቅባት የታሸ፣ እንደ ጫጉላ ሙሽራ።
በጨርቅ ስጠርገው ከጎኑ ላይ ታየ
ሳምንትና ዓመቱ፣ ባራት ቁጥር፤ ለካ
ዘጠኝ ክረምት ሙሉ መጋዘን የቆየ።
ላስቲክም ያረጃል መንገድ ሳይጀምር፣
እንደ ሰው፣ ጥግ ይዞ ነገን ሲቆጥር።
ሰው እንኳ ተኝቶ ይነቃል፣ በቃ፤
ይሄም ሲተኛ ሲተኛ ጎኑ ላይ ነቃ፣
እንደ ጥር መረሬ።

አላስርልህም። ብትቆጣም ተቆጣ።
የረከሰ ጎማ ነፍስ ይዞ ነው የሚወጣ።
ለፊቱ ምረጥለት መስመረ ቀጥታ፣
መሪው ሲዞር ወዲያው የሚል «አቤት፣ ጌታ»፤
ለኋላው ጥርሳም ነው፣ የሐምሌን ጭቃ
ነክሶ የሚይዝ፣ አንተ «ተው» ሳትለው በቃ።
ባንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ፣ አትማው፤
እግሩ ተንሻፎ ነው፣ አካሄድ ቸግሮት፣ ጥርሱን የፈጨው።

ንፋስህን ለካ ጎህ ሲቀድ፣ ሳይሞቀው፤
ከጋለ በኋላ መለኪያው አባይ ነው፤
አባይን ልትወርድ አባይን ታምናለህ? እንዴት ያለህ ሰው!

መንታዎቹን ደግሞ... እዚህ ጋ ተቀመጥ።
ከመሃላቸው ደንጊያ ስታገኝ ፈልቅቀው፤
ትንሽ ነው አትበለኝ፣ ሚስማርም ትንሽ ነው።
አንዱ ንፋስ ሲያጥረው፣ ዝም ብሎ ሲላሽቅ፣
ወንድሙ ይሸከማል፣ ለሁለት ሲማቅቅ።
ከውጪ ታየዋለህ፣ ደረቱን የነፋ፤
ውስጠኛው ነው እንጂ በዝምታ የጠፋ።

እኔም ረዳት ነበርሁ። የቢሻው። ጤፍ ጭነን
ከቢቸና ስንመጣ፣ ዶፍ ዝናብ፣ መሽቶብን፣
እዚሁ ደጀን ላይ፣ ከመውረዳችን ፊት፣
«ጎማዎቹን ምታ» አለኝ። ወረድሁ። ጨለማ፣ ውርጭ፣ ንፋስ።
የውጪውን መታሁ። ድንን አለ።
ዞርሁ። ያንንም የውጪውን። ድንን።
ውስጠኛው ጋ ለመድረስ ተንበርክኮ ነው፣
ትከሻን ከጭቃ አስነክቶ፣ ክንድን አስረዝሞ።
ጃኬቴ አዲስ ነበር።
በሁለት ደመወዝ የገዛሁት፣ ቡኒ፣ ዚፑ የሚያበራ።
ተመልሼ ገባሁ። «ሁሉም ደህና» አልሁት።

ኩራርን ሳናልፍ ሽታው መጣ፣ ቀድሞ።
ቢሻው በመስታወት አየ፤ እኔን አላየም።
የሚነድ ነገር ከኋላችን ይዞን ይወርዳል፣
እንደ ሰርግ አጃቢ፣ ችቦ ይዞ።
ጤፉ ያለ ምጣድ ተቆላ ሌሊቱን፤
ሲነጋ ዝንጀሮ ነው የለቀመው ትርፉን።

ቢሻው ተርፏል። ያውልህ፣ ከማደያው ማዶ፣
ዣንጥላ ስር ሆኖ ካርድ የሚሸጠው።
አንድም ቀን «ያኔ ሁሉንም መተሃል ወይ?» አላለኝ።
እኔም አልነገርሁት።
በደጄ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፣
በግራ እጁ።

በል፣ ያን ረዳትህን፣ ምንይችልን ጥራው፤
ጃኬቱን ያውልቅና እሚስማሩ ላይ ይስቀለው፣
እኔ እጠብቅለታለሁ። መዶሻውን እንካ በለው።
ለጎማው ለሌላው ዋጋ ተነጋግረናል፤
ለዚህ ግን አልቀበልህም፣ ሳንቲምህን መልሰው።
ይግባ ከስር። ይንበርከክ። ክንዱ እስኪደርስ ይግባ።

ድንን።

አሁንም፣ አንተ ልጅ። ከዚያ ማዶ ያለውን።
የማይታየውን።

ድንን።

ዝም በል፣ አላምረው። አንድ ቀረው።