የጋራዥ ጣልያንኛ

ከትራሙ ሐዲድ ማዶ፣ ስምንት ጠረጴዛ ያላት፣
በሯ ገፋ ሲያደርጉት እንደ አማት የሚያጉረመርም ቤት፤
ቱሪን ውስጥ፣ በጥቅምት፣
መሥሪያ ቤቴ ለከባድ መኪና ሥልጠና ልኮኝ ለሦስት ሳምንት፣
ዝናብ ገፍቶኝ ገባሁባት፣ አንድ ማክሰኞ ምሽት።

ባለቤቷ ኦርኔላ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣
የምግቡን ስም ደገመችልኝ፣ እንደ ዳዊት፣ ሳታርፍ ላፍታ።
እኔ የገባኝ አንድ ቃል ነው። አልኳት፦ «ፓስታ።»
«የቱን ፓስታ?» መሰለኝ ያለችኝ፣ አሥር ጣቷን ዘርግታ፤
እኛ ሰፈር ፓስታ ፓስታ ነው፣ በሳልሳ ወይ በሥጋ፣
እዚህ ግን የዘር ሐረግ አለው፣ ይቆጠራል እስኪነጋ።
ራሴን ነቀነቅኩ ዝም ብዬ።
ጻፈች። ምን እንደጻፈች እንጃ።

ዳቦ መጣ። ዳቦው አለቀ። ሌላ ዳቦ መጣ።
አጠገቤ ያለው ሽማግሌ፣ ሲኞር ኦሬስቴ፣
የትራም ሹፌር የነበረ፣ ጡረታ የወጣ፣
ማንኪያውን አየር ላይ አቁሞ ወደ ጓዳ አዳመጠ፤
ብረት ብረትን ሲገጭ፣ ጩኸት ተከትሎት ወጣ።
የሊጥ መዳመጫው ቆሟል፤ ሊጡ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል፤
የኦርኔላ ወንድም ልጅ፣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት፣ ፊቱ ድረስ ቁጣ፣
«ካቻቪቴ!» አለ።

ካቻቪቴ!
በስሜ የተጠራሁ ያህል ብድግ አልኩ፤ ወደቀ ወንበሬ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ደምለው ጋራዥ፣
ከመኪና ሥር
ያ ቃል ሲወረወርብኝ፣ ከዘገየሁም ከጥፊ ጋር።
ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣
አማርኛ ነበሩ ለኔ፤ እንደ ውኃ፣ እንደ ሥራ።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። «ፒንሳ» አልኩ፤ ልጁ አቀበለኝ።
«ዳዶ?» ስል፣ ከሊጡ ውስጥ በሁለት ጣቱ አወጣልኝ።
ሮንዴላው ግን ጠፍቷል።
ሰው ከኪሱ ሳንቲም አያጣ፣ እኔ ሮንዴላ አላጣ፤
አጠበቅኩት። ዞረ።
ሊጡ እንደ ነጭ መቀነት ተዘርግቶ ወጣ።

ኦሬስቴ ወንበሩን ጎትቶ መጣ፤ ወይን ቀዳልኝ፣ ቀዳልኝ፣
«ፍሬን! ፍሬን!» ብል፣ ቤቱ ሁሉ ሣቀልኝ።
ሣቁ ጋብ ሲል፣ ባፉም በእጁም፣ «ቃሉን ከየት?» አለኝ።
«ኮምቦልቻ።»
ዝም አለ። የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ ለቀመ።
እዚያ ድረስ እንዴት ሄዱ? በዓይኑ ነው የጠየቀኝ፤
መልሱን አውቀዋለሁ፤ እሱም የሚያውቀው መሰለኝ፤
ግን የኔ ጣልያንኛ ማጥበቅና ማላላት እንጂ ሌላ አያውቅም፣
የአባቶችን ነገር የሚፈታ መፍቻ ከሣጥኑ አይገኝም።
ዳቦውን ቆርሶ ገሚሱን ወደኔ ገፋ።
በላሁ።

ያዘዝኩት ደረሰ፤ ሽታው ደግ፣ ቀለሙ ደግ።
«ምንድነው ሥጋው?» ብዬ በቅንድቤ ብጠይቅ፣
ኦርኔላ ሁለት ጣቷን ራሷ ላይ እንደ ጆሮ ሰካች።
ጥንቸል!
ሥጋውን ለኦሬስቴ አሻገርኩ። ፓስታውን ግን፣
መረቁን እንዳላየ ሰው፣ ጠራርጌ በላሁት፤
እናቴ ከሰማች ከናንተ ነው።

ሒሳቡን ሙሉ አስከፈለችኝ፤ ሳንቲም አልጣለችም።
ወደድኩላት።

በማግስቱ ስመለስ ቤቷ ጢም ብላ ሞልታለች፤
ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ አንዲት ጠረጴዛ ብቻ ባዶ፣
በላይዋ ቁራጭ ወረቀት፣ የኦርኔላ እርሳስ የጻፈው፦
ካቻቪቴ።
ጃኬቴን ወንበሩ ላይ ሰቅዬ ተቀመጥኩ።