የብረት ፍቅፋቂ

ዊንዘር፣ ከወንዙ ዳር፣ ከዲትሮይት ፊት ለፊት፣
ሥራዬ መመዘን ነው፣ የሰውን ድፍረት፣
ስንት ኪሎ እንደሚሆን በወረቀት።
ባንኩ ሚዛን ሰጥቶኛል፣ ከአንድ እስከ ዐሥር የሚቆጥር፤
ዕድሜ ይገባበታል፣ ደሞዝ፣ የድሮ ብድር፤
ከታች አንድ መስመር፦ «ስጋት»።
እዚያ ላይ ነው የኔ ጣት።

ዶሪን ማረንቴት መጣች በየካቲት፣
ቦት ጫማዋ በረዶ እያንጠባጠበ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቅርጽ ያወጣችበት ፋብሪካ ተዘግቶ፣
ሥራው ወደ ሜክሲኮ፣ ማሽኑ ወደ ሜክሲኮ፣
ለሷ የስንብት ደብዳቤና የጆሮ ጩኸት ቀርቷት።

«አንዱ ማሽን አልሄደም» አለችኝ፣ «አርጅቷል ብለው ተዉት፤
ለሐራጅ ሊያወጡት ነው።
እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ ሲያመው የሚያሰማውን ድምፅ፣
ጠዋት ሲበርደው በግራ እንደሚያነክስ።
አበድሩኝ። ቤቴን ያዙ።»

ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች
የብረት ፍቅፋቂ፣ እንደ ፀጉር የተጠቀለለች፣
ከሙቀት የተነሣ ሰማያዊ የሆነች።
«ቅጥነቷን እይ፤ እንዲህ የሚልጥ የለም» አለች።

ሚዛኑን ጠየቅሁት፤ «አራት» አለ።
አለቃዬ፦ «አራትም ይበደራል፣ ወለዱ ከፍ ካለ፤
ቤቱ ካለ።»
ማኅተሙን መታሁ፤ ድምፁ የበር ድምፅ ነበር፣
መከፈቱን ይሁን መዘጋቱን ሳይናገር።

ሁለት ዓመት ሠራች። ሦስት ሰው ቀጠረች።
የበር እጀታ፣ የመስታወት ክፈፍ፣ ሌሊት ጭምር ቆረጠች።
ከዚያ አንድ ማለዳ፣ አንድ ፊርማ ከወንዙ ማዶ፣
ትእዛዙ ሟሟ እንደ ሚያዝያ በረዶ።

ቤቱን ሸጥነው። «ሸጥነው» ስል፣ ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩ።
ባንኩ ኢንሹራንስ ነበረው፤ እኔም ደሞዜን ወሰድኩ።
«ትርፍ የደፋር ደሞዝ ነው» ብለው አስተምረውኛል፤
ማን እንደ ደፈረ ግን መዝገቡ ይሰውረዋል።
ያ ገንዘብ አንድ ቀን አልተራበም፣ አንድ ሌሊት አልባነነም፤
ስጋት የምንለው ዕቃ
ከባንክ ወጥቶ የሚያድረው ሰው አልጋ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ተመልሳ መጣች፤
ፀጉሯ ነጭ፣ ጫማዋ ያው፣ አዲስ ወረቀት ይዛ ቆመች።
የባትሪ ፋብሪካ ሊከፈት ነው፣ ቅርጽ የሚያወጣላቸው ይፈልጋሉ።
«ቤት እንኳ የለኝም፤ እጄ አለ» ብላ ሳቀች።
«አንተስ?» አለች፣ «አንተ ምን አስይዘህ ታውቃለህ?»

ቅጹ ላይ ለዚህ መስመር የለም።
እስክሪብቶ ፍለጋ መሳቢያዬን ስከፍት
ያቺ ፍቅፋቂ እዚያው ነበረች፤ ወጋችኝ።
ማመልከቻው ላይ፣ «ስጋት» ከሚለው ጎን፣ አንዲት ነጥብ ደም።
እስካሁን አልጠረግኳትም፤
ቁጥርም አልጻፍኩባትም።